ሆን ብለን የተሳሳትነው ንባብ

ኤጀንሲው በላከልኝ ወረቀት ላይ «ታካሚው አይናገሩም» ይላል። እኔ ደግሞ ወረቀት አምኜ አላውቅም። አትላንታ ውስጥ ሰው ቤት እየገባሁ ሽማግሌና አሮጊት ስጦር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። «ምግብ አትቀምስም» የተባለችው አሮጊት ምሳዬን ቀምታኛለች፤ «አይራመድም» የተባለው ሰውዬ በሁለተኛው ቀን ፓርኪንግ ድረስ አምልጦኛል። ስለዚህ ብራያርክሊፍ ሮድ ላይ ካለው አፓርታማ ሥር መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ደረጃውን ስወጣ «እናያለና!» እያልኩ ነበር።

በሩን የከፈተችልኝ ሴት ልጃቸው ናት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፋርማሲስት፣ አሜሪካ ያደገች፣ ቶሎ ቶሎ የምታወራ። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ዊልቸር ላይ ተቀምጠዋል። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሰው። ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ ቀኝ እጃቸውንና አንደበታቸውን ወስዶባቸዋል። የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፤ መልስ ግን የለም። ልጅቷ መድኃኒቱን፣ ምግቡን፣ የንግግር ቴራፒስቷ የምትመጣበትን ቀን ከነገረችኝ በኋላ እንደ ዋዛ «አባቴ ቄስ ነው» አለችኝ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። መስቀል የለ፣ ጥምጣም የለ።

«የምን ቄስ?»

«ዞራስትሪያን ነን።»

«እሳት የሚያመልኩት?» አልኩ፣ አፌ ላይ የመጣውን። አቤት ይሄ አፌ!

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። «እሳት አናመልክም። ወደ ብርሃን ዞረን ነው የምንጸልየው» አለች፤ ስንት ሰው ላይ እንደተናገረችው ከድምጿ ያስታውቃል። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከሺህ ዓመት በፊት ከፋርስ ተሰደው ሕንድ የገቡ ናቸው። አባቷ ቦምቤይ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ክህነት ተምረው፣ ኋላ መሐንዲስ ሆነው አሜሪካ መጡ። በሥራ ቀን ዳውንታውን ያሉትን የረጃጅም ሕንፃዎች ሊፍት ሲፈትሹ ይውሉ፣ ቅዳሜና እሁድ ጸሎት ይመሩ ነበር። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሽማግሌው ግን ሳቁ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ነው የሳቀው። ያኔውኑ ወደድኳቸው። «አባባ» አልኳቸው፣ እስከ ዛሬም አባባ ናቸው።

አባባ ወገባቸው ላይ ከሱፍ የተሠራ ቀጭን ነጭ ገመድ ይታጠቃሉ። ጠዋት ጠዋት ወደ መስኮቱ ዞረው ይፈቱትና መልሰው ያስሩታል። በአንድ እጅ! ላግዝ ስል በዓይናቸው ይቆጡኛል። እኔም አንገቴ ላይ ማተብ ያለኝ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ይገባኛል፤ ዝም ብዬ አልጋ አነጥፋለሁ። ሲያስሩ ታዲያ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አፋቸውን በግማሽ ዘግተው ያጉረመርማሉ። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ መዝገቡ ላይ «ትርጉም የሌለው ድምፅ ያሰማሉ» ብላ ጽፋለች። ልጅቷ የምትመጣው ከሥራ በኋላ ነው፤ ጠዋት ሰምታቸው አታውቅም። ሐኪሞቹም ስትሮክ የመታው ሰው የተዘባረቀ ቃል ሊያወጣ ይችላል ብለዋታል።

እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ አመንኩ። በስምንተኛው ቀን ግን አንሶላ እያጠፍኩ ጆሮዬ ቆመ።

የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ ግቢያችን ውስጥ የቆሎ ተማሪ ያስተምር ነበር። ሠላሳ ልጅ በአንዴ፣ አንዱ እዚህ ጋ ሌላው እዚያ ጋ፣ ግዕዙን እየጮኸ ያነበንባል። አባቴ ዛፍ ሥር ጋደም ብሎ የተኛ ይመስላል። ከሠላሳው አንዱ አንዲት ቃል ካጎደለ ግን መቋሚያውን መሬት ላይ ቋ! ያደርጋል፤ ልጁም ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሣል። ሴት አይማርም ነበርና እኔ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ እያጠብኩ እሰማለሁ። ትርጉሙን አላውቅም። ከልጆቹም ብዙዎቹ አያውቁትም፤ በኛ ቤት ንባቡ ሌላ፣ ትርጓሜው ሌላ ትምህርት ነው። ንባብ ምን እንደሚመስል ግን እኔን የሚያስተምረኝ ሰው የለም። ንባብ ትንፋሽ የሚወሰድበት የታወቀ ቦታ አለው። የሚቃዥ ሰው ትንፋሹን በፈለገው ቦታ ነው የሚወስደው።

አባባ ደግሞ ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ዛሬም ትንፋሽ የወሰዱት እዚያው ቦታ ላይ ነው!

«በስመ አብ!» አልኩ ለብቻዬ። «እኚህ ሰው እኮ እየደገሙ ነው!»

እንዴት አድርጌ ላረጋግጥ? ሰው ብጠራ ማን ያምነኛል። ያን ጊዜ ወንድሜ ትዝ አለኝ። አባታችን እንቅልፍ ሲወስደው ወንድሜ ስሙን ጠርቶ አይቀሰቅሰውም፤ አጠገቡ ይሄድና አንድ መስመር አበላሽቶ ያነባል። አባቴ ከሞት እንኳ የሚነሣ ይመስለኝ ነበር፣ ግዕዝ ከተበላሸበት። እኔም ሁለት ቀን ጆሮዬን ተክዬ የአባባን የመጀመሪያ መስመር ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ሾርባ እያጠጣኋቸው መስመሯን አልኳት፤ መካከሏ ላይ ያለችውን ቃል ግን ሆን ብዬ ዋጥኳት።

የአባባ ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ ጧ! አለ። ሾርባው ተደፋ። አፍጠው አዩኝና መስመሯን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጥርት አድርገው አሏት። አምስት ወር የተዘጋ አንደበት!

ሌላ ቦታ ላይ አበላሸሁባቸው። ጧ! አሁንም አረሙኝ። እኔ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ሾርባ እጠርጋለሁ፤ የቱን እንደማስቀድም ጠፍቶኛል። እሳቸው ግን ሥራ ላይ ናቸው። በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋሉ፤ «እንደገና» ማለታቸው ነው።

ልጅቷ ሥራ ቦታ ደወልኩ።

«ምን ሆነ? ወደቀ?» አለች።

«አባትሽ ያስተምራሉ! እኔን እያረሙኝ ነው!»

ሕፃን በሚባበልበት ድምፅ «እባክሽ ተረጋጊ። ነርሷን ልላክልሽ?» አትለኝም! እኔን! ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ አባባ አፍ ሥር ደቀንኩና መስመሯን እንደገና አበላሸኋት። ጧ! ከዚያም ያ ንባብ ተንቆረቆረ። ስልኩ ውስጥ ልጅቷ በቀጭን ድምፅ የሚቀጥለውን መስመር አለችው። በልጅነቷ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው ለካ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በሩ ላይ ነበረች፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

ያን ቀን ከእሷ የሰማሁት እስከ ዛሬ ደሜን ያሞቀዋል። ቋንቋው አቬስታ ይባላል። እንደ ግዕዝ ነው፤ አፉን የሚፈታበት ሰው የለም። ሳይጻፍ፣ ከካህን አፍ ወደ ካህን ጆሮ ብቻ እየተላለፈ ከሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። ኋላ ይጻፍ ሲባል የነበረው ፊደል አልበቃ አለ፤ አንዲት ድምፅ እንዳትጠፋ ብለው ለጸሎቱ ሲሉ አዲስ ፊደል ቀረጹ።

«ደብዳቤ የማይጻፍበት? የገበያ ዕቃ የማይመዘገብበት? ለጸሎት ብቻ?» ብዬ ጮህኩ።

«ለጸሎት ብቻ» አለች። እሷም መሳቅ ጀምራለች።

ትርጉሙ ለሰው እየራቀ ሲሄድ ደግሞ ካህናቱ በዘመናቸው ቋንቋ ከንባቡ ሥር ትርጓሜ ጨመሩበት። ያም ቋንቋ በተራው አረጀና እሱም ተርጓሚ ፈለገ። «ንባብና ትርጓሜ! ልክ እንደኛ እኮ ነው!» እያልኩ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። አንድ አጥር ለይቶን የኖርን ጎረቤታሞች ነው የመሰልኩት፣ እኛና እነሱ። የአባባ ዓይን ከእኔ ጋር አብሮ ይዞራል።

ልጅቷ ቁም ሣጥኑን ከፈተችልኝ። ልብስ ይኖራል ስል ደብተር ነው፣ ከታች እስከ ላይ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲተረጉሙ ነው የኖሩት። ከጸሎታቸው ሁሉ እጅግ ጥንታዊ የሆነው የነቢያቸው የራሱ መዝሙር ነው፤ በአምስት ክፍል ይከፈላል። አትላንታ የተወለዱት ልጆች በቃላቸው የሚሉት ምን እንደሆነ እንዲገባቸው ብለው፣ ልጅ በሚረዳው እንግሊዝኛ አራቱን ክፍል ጨርሰዋል። እዚህ ያሉት ጥቂት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው ለአዲስ ዓመታቸው ሊያሳትሙላቸው ነው። አዲስ ዓመታቸው ማርች ላይ ነው፤ ወደ ማተሚያ ቤት የሚላክበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አምስተኛው ክፍል ግን የለም።

«ባይገኝስ?» አልኳት።

«የሌላ ሰው የቆየ ትርጉም ይገባበታል።» መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዳ አሳየችኝ። በየኅዳጉ፣ በቀይ እርሳስ፣ በአባባ እጅ «አይደለም»፣ «አይደለም»፣ «ይህም አይደለም» ተብሎ ተጽፏል። ዕድሜ ልካቸውን ሲጣሉት የኖሩት ትርጉም የእሳቸው መጽሐፍ ውስጥ ሊገባ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እንቢ የሚሉበት አንደበት የላቸውም።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አንቺ አንብቢ፣ እሳቸው ያርሙ!» አልኳት።

ሳቋ ጠፋ። «አምስተኛውን እኔ አልነካውም።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ሞክሬው አላውቅም። «ለምን?» አልኩ። «ለምን?» አልኩ ደግሜ። አንድ ደብተር መዘዘችና ከፈተችው። መጀመሪያው ገጽ ላይ ርዕስ አለ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ባዶ ነው።

«ይሄን ደብተር የገዛው እኔ ያገባሁ ወር ነው» አለች።

ባሏ የእነሱ እምነት ሰው አይደለም። አጥባቂ ሽማግሌዎቻቸው ከእምነቷ ውጭ ያገባችውን ሴት ልጅ እንደወጣች ይቆጥሯታል። አባባ እሺም እንቢም አላሉም፤ የሠርጉ ቀን ግን ወንበራቸው ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሁለት ዓመት በበዓል በበዓል እየተደዋወሉ የሚያወሩት ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነው። እሷን እዚህ ቤት የመለሳት ስትሮኩ ነው።

«አምስተኛው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የሠርግ መዝሙር ነው» አለችኝ። «ነቢያችን የመጨረሻ ሴት ልጁን ሲድር የሚናገረው።»

አባባ ይሰማሉ። ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። «ለእሳቸው ብለሽ አታድርጊው» አልኳት። «ለሕፃናቱ አድርጊው። አንቺ ሕፃን ሆነሽ ሳይገባሽ ስትደግሚው አልኖርሽም?» ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። አበላሸሁት ብዬ ማታውን ራሴን ስረግም አመሸሁ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ አራት መጽሐፍ ታቅፋ መጣች።

ሥራው እንዲህ ነበር። እሷ ንባቡን ትላለች። ቀጥላ አራቱ መጽሐፎች እንዴት እንደተረጎሙት አንድ በአንድ ታነባለች። አባባ ካልተስማማቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ፤ እጃቸው ዝም ካለ ትጽፈዋለች። አራቱም የሚወድቁበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ ከራሷ ትሞክራለች። የምቱን ድምፅ የምፈታው እኔ ነኝ። «ይሄ ኃይለኛ ነው፣ ከሥሩ አልወደዱትም! ይቺ ቀስ ያለች ናት፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው!» እላለሁ፣ ኳስ ሜዳ እንዳለ ሰው። ሺፍቴ አልቆም ወደ ቤት አልሄድም። አንድ ጊዜ አንዲት ቃል ላይ አሥራ ሰባት ሙከራ ጣሉባት። ልጅቷ ተናዳ እርሳሱን ወረወረች፤ አባባ በግራ እጃቸው አንሥተው መልሰው ሰጧት፤ አሥራ ስምንተኛዋ አለፈች። ሦስታችንም እንዴት ጮህን! ቴራፒስቷ መጥታ አይታ «እኔ በካርድ ስዕል ‹ድመት› በሉ እላቸው ነበር» ብላ ራሷ ላይ ሳቀች።

መጽሐፉ በቀኑ ደርሷል፤ አንድ ለእኔም አለኝ። አንብቡልኝ የምለው ግን የአምስተኛውን ክፍል ሦስተኛ ስንኝ ነው።

እዚያ ስንኝ ላይ የደረስነው አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ነቢዩ ትንሿን ልጁን በቀጥታ ያነጋግራታል። ስለሚያገባት ሰው ይነግራታል፤ መጨረሻ ላይ ግን ውሳኔውን ለእሷ ትቶ ከገዛ አእምሮዋ ጋር እንድትመካከር ይላታል። በየመስመሩ የሚጣሉት መጽሐፎች እዚህ ቦታ ላይ ይቀራረባሉ። አንደኛው እኔ ጭን ላይ ተከፍቶ ነበር፤ በጣቴ እየተከተልኩ እጠብቃታለሁ። ልጅቷ መስመሩን ረጅም ጊዜ አየችው። ንባቡን አንዲት ሳታስት ወጣችው። ከዚያ ትርጉሙን እንዲህ ብላ አነበበች፦

«ልጄ ሆይ፣ አባትሽን ታዘዢ።»

ደነገጥኩ። ጣቴ ሥር ያለው ይሄን አይልም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላል ያገሬ ሰው፤ ማጭዱን ያዋስኳት ደግሞ እኔው ነኝ፣ አበላሽቶ ማንበብን ያስተማርኳት።

ጧ! አለ የአባባ እጅ።

«ልጄ ሆይ፣ አባትሽ ያልፈቀደውን አታግቢ።»

ጧ!

«ልጄ ሆይ፣ እምቢ ካልሽ ወንበሬ ባዶ ይሆናል።»

ጧ! ጧ! ጧ! ብርጭቆው ከጠረጴዛው ወድቆ ተሰበረ። መዳፋቸው ቀላ። እጃቸውን ልይዝ ብነሣ በክርናቸው ገፉኝ። ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም፤ ይለምኗታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሁሉ እያለቀሰ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ።

ልጅቷ መጽሐፉን ዘጋችው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሳታይ፣ «ልጄ ሆይ፣ የገዛ ልብሽን አማክሪ» አለች።

እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ጠበቅን። አልተንቀሳቀሰም።

«ምን እንደሚል ታውቀው ነበር» አለቻቸው። «ይሄን ጽፈህ እኔን ማየት ስላቃተህ ነው ባዶ የተውከው?»

አባባ «አዎ» ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዴ። ቀጥለው እጇን ፈልገው ያዙና መዝሙሩን ጀመሩት። የጠዋቱ ማጉረምረም አልነበረም፤ አፋቸውን ከፍተው፣ በሙሉ ድምፅ፣ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ ዘጠነኛው ደገሙላት። እሷ አንገቷን ደፍታ ተቀብላለች። ያን ጊዜ ነው ምን እያየሁ እንደሆነ የገባኝ። ሙሽራ አለች፣ የሚድር አባት አለ፣ እድምተኛ ግን ከእኔ በቀር የለም!

ታዲያ ምን ላድርግ? እልልልል አልኩ። አንድ ጊዜ ያጥራል ብዬ ሦስቴ ደገምኩት። አባቴ ግቢ ስል ወንዝ ማዶ የሚሰማ እልልታ ነው፤ የአትላንታ የአፓርታማ ግድግዳ ምን ይችለዋል። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት፣ የስፖርት ልብስ የለበሰ ጎልማሳ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ በሩን ደበደበው። «ምን ተፈጠረ? የተጎዳ ሰው አለ? አምቡላንስ ልጥራ?» ይላል።

ልጅቷ እንባዋን ሳትጠርግ ሄዳ ከፈተችለት።

«ሠርጌ ነው» አለችው። «ግባ።»